ተበድራችሁ የማታውቁም የቆየ ዕዳ ያለባችሁም፣ ጎጃም ውስጥ የባንክ ሂሳብ እንዴት እንደምትከፍቱ

መጀመሪያ ይቺን እንጨርሳት። የቁጠባ ሂሳብ ልትከፍቱ ስትሄዱ ማንም ባንክ ከዚህ በፊት ብድር ወስዳችሁ ታውቃላችሁ ወይ፣ በጊዜው መልሳችኋል ወይ ብሎ አይጠይቃችሁም፣ ማርቆስም ሂዱ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ሞጣም ዳንግላም ያው ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ ክሬዲት ሂስትሪ ምናምን ሲሉ ይሰማና እዚህም እንደዛ ይመስለናል። በዛ ላይ ድሮ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በቡድን ተበድሮ ቡድኑ የተበተነበት ሰው አለ፣ እሱማ የባንክ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው ራሱ ዕዳውን የሚያውቅበት ይመስለዋል። የለም። ተበድራችሁ የማታውቁም፣ ተበድራችሁ የዘገያችሁም የቁጠባ ደብተር ማውጣት ትችላላችሁ።

ሰው ከባንክ ባዶ እጁን የሚመለሰው በሌላ ነገር ነው፣ በስም ነው። የቀበሌው መታወቂያ ላይ አንድ ስም፣ ፋይዳው (የዲጂታል መታወቂያው) ላይ ሌላ ስም፣ ሲሙ ደግሞ በወንድሙ ስም የወጣ... ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ ካለቀ በኋላ "አስተካክለህ ና" ይባላል በቃ። ስለዚህ አብዛኛውን የምጽፈው ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ስላለው ነገር ነው፣ ባንክ ውስጥ ያለው እንኳን ቀላል ነው።

ፋይዳ፣ ስምና ስልክ

የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ይዞ ሄዶ ደብተር የማውጣት ነገር እያለፈበት ነው፣ አሁን ባንኮች አዲስ ሂሳብ ሲከፍቱ የሚፈልጉት ፋይዳ ነው። ፋይዳ ማለት በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው የዲጂታል መታወቂያ ነው፣ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር አለው፣ ለምዝገባው ብር አይከፈልም። የአስር ጣት አሻራ፣ ዓይንና ፊት ይነሳል፣ ከዛ ቁጥሩ በቴክስት ይመጣል። ብዙ የባንክ ቅርንጫፎችና የቴሌ ሱቆች ራሳቸው ይመዘግባሉ፣ ስለዚህ ባንክ ሄዳችሁ "ፋይዳ ትመዘግባላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁለቱንም እዛው የምትጨርሱበት ዕድል አለ። ተመዝግባችሁ ስትወጡ የሚሰጣችሁን ወረቀት እንዳትጥሉት፣ ቴክስቱ ከቀረ ወይ ከዘገየ ቁጥራችሁን የሚፈልጉላችሁ በእሱ ነው። ካርዱ ታትሞ በእጄ ካልገባ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አለ፣ አትጠብቁ፣ ለባንኩ ዋናው ቁጥሩ ነው።

ምንም ሰነድ የሌለው ሰውስ? ይሄ እዚህ አካባቢ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከመተከል ወይ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው አለ፣ መታወቂያው ከቤቱ ጋር የተቃጠለ። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። የቆሎ ተማሪ አለ፣ ከአገሩ ወጥቶ ቅኔ ቤት ለቅኔ ቤት ሲዞር ዓመታት ያለፉት፣ የትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ ቢጠየቅ ራሱም የማያውቅ። ለነዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የቀበሌው ነው፣ ከመጣችሁበት ቀበሌ መሸኛ አምጥታችሁ አሁን ያላችሁበት ቀበሌ መታወቂያ ማውጣት፣ መሸኛ ማምጣት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ የመጣችሁት ደግሞ ሁኔታውን አስረድታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ። ሁለተኛው ለፋይዳው ራሱ ነው፣ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ያለው ሌላ ሰው ምስክር ሆኖለት መመዝገብ ይችላል። የቤት ሠራተኛዋን አሠሪዋ፣ ተማሪውን መምህሩ ወይ የደብሩ ሰው ሊሆኑላቸው ይችላሉ፣ ብር የማይጠይቅ ትልቅ ውለታ ነው። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን አስቀድሙ ነው የምለው፣ የቀበሌው ብዙ ጊዜ ነገ ና ነገ ና ነውና።

አሁን ስም። የኛ አገር ሰው ስንት ስም እንዳለው እናንተም ታውቁታላችሁ። የክርስትና ስም አለ፣ የዓለም ስም አለ፣ የቤት ስም አለ፣ ስታገባ ደግሞ አማት ያወጣችላት ስም ይጨመራል፣ እና ሰፈሩ ሁሉ በሱ ሲጠራት ኖሮ ቀበሌ ሄዳ መታወቂያ ስታወጣም በሱ የተጻፈች ሴት ጥቂት አይደለችም። ትምህርት ቤት በሌላ፣ ክትባት ካርዷ በሌላ። ለባንክ ይሄ ሁሉ ሌላ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ፋይዳ ከመመዝገባችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንዱን ምረጡ፣ የምመክረው የትምህርት ማስረጃችሁ ወይ የመሬት ይዞታ ደብተራችሁ ላይ ያለውን ነው፣ ምክንያቱም እነሱን ማስለወጥ ከሁሉም ይከብዳል። የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ ሦስቱም።

በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውን ደግሞ ለመዝጋቢው አትተዉለት። ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ አራት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል፣ ይሁኔም እንደዛው፣ አንድ ፊደል ከተለየች ከውጭ ብር ሲላክላችሁ ላኪው የጻፈው ስምና የናንተ አልገጥም ብሎ ስትመላለሱ ትከርማላችሁ። ፓስፖርት ወይ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ካርድ ካላችሁ ከዛ ላይ ገልብጣችሁ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ ስክሪኑን አሳየኝ በሉት፣ አታፍሩ፣ መብታችሁ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ የሚያነብ ልጅ ይዞ መሄድ ነው።

የልደት ቀንም ያው ጣጣ አለው። በኛ 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1997 ወይ 1998 ነው፣ አንዱ ቢሮ በኛ ሲጽፈው ሌላው የኛኑ ቁጥር እንዳለ የፈረንጅ አድርጎ ካስገባው ሰውዬው በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ቀኑን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ደግሞ እናቱን ይጠይቅ፣ እናት "ዘመነ ሉቃስ፣ የጥምቀት ማግሥት" ካለች ወሩና ቀኑ ተገኘ ማለት ነው፣ ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመጣ ዕድሜያችሁን በግምት ይዞ የትኛው እንደሆነ መለየት ከባድ አይደለም። ዋናው አንዴ የያዛችሁትን ቀን በሁሉም ቦታ ያንኑ ማለት ነው። 18 ያልሞላው ልጅ ግን ለብቻው አይከፍትም፣ በወላጅ ወይ በአሳዳጊ በኩል ነው የሚከፈትለት።

ስልክ። ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል ግን ትልቁ ነገር ነው። ባንኩ የፋይዳ ቁጥራችሁን ሲያስገባ፣ ፋይዳ ስትመዘገቡ በሰጣችሁት ስልክ ላይ ኮድ ይላካል፣ ያንን ኮድ ነግራችሁት ነው መረጃችሁ የሚመጣለት። አንድ ቀን መስኮት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ጋቢ የለበሱ አባት ናቸው፣ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆመዋል።

"አባቴ፣ ስልክዎ ላይ ኮድ ደርሷል፣ ይንገሩኝ" አለቻቸው ልጅቷ።
"ስልኩማ ከልጄ ጋ ነው።"
"ልጅዎ የት ነው ያለው? ይጥሩት።"
"መተማ ነው እንጂ፣ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል።"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከኋላቸው የቆመ ልጅ በራሱ ስልክ መተማ ደወለላቸው፣ ልጅየው ቴክስቱን አግኝቶ እስኪያነብ ድረስ ኮዱ ጊዜው አለፈ፣ እንደገና ተላከ፣ ሁለተኛው ላይ ኔትወርኩ ተቆረጠ። በመጨረሻ ልጅቷ ሌላ ቀን ስልኩን ይዘው ይምጡ ብላ በትህትና ሸኘቻቸው። ልጅየው አጨዳውን ጨርሶ እስኪመለስ መጠበቃቸው ነው።

እና ፋይዳ ስትመዘገቡ በራሳችሁ ስም የወጣ፣ በእጃችሁ ያለ ሲም ስጡ። የባላችሁን፣ የልጃችሁን፣ የጎረቤታችሁን አትስጡ። ሲም ከሌላችሁ መጀመሪያ ሲም አውጡ፣ ስልኩ ተራ ቁልፍ ያለው ቢሆንም ምንም አይደል፣ ኮድ ለመቀበልም ገንዘብ ለማንቀሳቀስም ይበቃል። ሲሙን አውጥታችሁ ሳትጠቀሙበት ብዙ ጊዜ ከተቀመጠም ይዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ያኔ የባንካችሁ ቴክስት ሁሉ ወደማታውቁት ሰው ነው የሚሄደው።

የትኛው ባንክ

ይሄ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ሰው ስለ ባንክ እንደ ኳስ ቡድን ሲከራከር አያለሁ፣ ለጀማሪ ሂሳብ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ንግድ ባንክ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፣ ከትንንሽ ከተሞችም አይጠፋም፣ ሰልፉ ግን የሚታወቅ ነው። አባይ፣ አማራ ባንክ፣ ዳሸን፣ አዋሽ፣ አቢሲንያ፣ ቡና በትልልቆቹ ከተሞቻችን ታገኛላችሁ። የድሮው አብቁተ ጸደይ ባንክ ሆኗል፣ በየወረዳው ስለነበረ ከገጠር ለሚመጣ ሰው ቅርብ እሱ የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። እኔ የምላችሁ በእግራችሁ ደርሳችሁ የምትመለሱበትን ምረጡ፣ ደሞዝ የሚገባላችሁ ከሆነ ደግሞ አሠሪው የሚከፍልበትን። ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ሥራ የምትገቡ ልጆች መጀመሪያ ድርጅቱን በየትኛው ባንክ እንደሚከፍል ጠይቁ፣ ከዛ ክፈቱ።

ወለድ ብላችሁ እንዳትጓጉ። ብሔራዊ ባንክ ጥቅምት 2010 ላይ የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ መጠን ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር፣ በያንዳንዱ ባንክ ትንሽ ሊለያይ ይችላል ግን ጤፍ በዓመት የሚጨምረውን የምታውቁ ሰዎች ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፣ በዛ ላይ ከወለዱ ግብር ይቆረጣል። ወለድ በሃይማኖት የማትፈልጉ ወለድ አልባ ሂሳብ በሉና ጠይቁ፣ አብዛኞቹ ባንኮች አላቸው፣ ፎርሙም ለብቻ ነው። ሙስሊም መሆን ግዴታ አይደለም፣ ወለድ አልበላም የሚል ክርስቲያን ሽማግሌም ይከፍታል።

ባንክ ቢከስር ብሬስ የሚል ካለ፣ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል አለ፣ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ለኔና ለናንተ ዓይነቱ ከበቂ በላይ ነው፣ ከፍራሽ ሥርም ከጎታ ውስጥም ይሻላል፣ አይጥም አይበላው።

ባንክ የምትሄዱበት ቀን

በገበያ ቀን አትሂዱ። የመንግሥት ደሞዝ በሚገባበት ሰሞንም አትሂዱ፣ መምህሩም ፖሊሱም ጤና ኬላውም እዛው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲከፈት በሩ ላይ ብትገኙ ጥሩ ነው፣ ከሰዓት ከሆነ "ሲስተም የለም" የምትለዋን ቃል የመስማት ዕድላችሁ ይጨምራል። ሲስተም የለም ከተባለ መቆጣት ዋጋ የለውም፣ መቼ ሊመለስ እንደሚችል ጠይቁና ጉዳያችሁን ጨርሱ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የፋይዳ ቁጥር፣ ስልኩ ራሱ ቻርጅ ተደርጎ፣ የቀበሌ መታወቂያ ካላችሁ እሱም (አንዳንድ ቅርንጫፍ ኮፒ ይፈልጋል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ እንዳትወጡ ቀድማችሁ አስነሱ)፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ትንሽ ብር። መክፈቻው ከባንክ ባንክ፣ ከሂሳብ ሂሳብ ይለያያል ግን ትንሽ ነው፣ ጥቂት መቶ ብር ከያዛችሁ አታፍሩም። ለመክፈቻ ትልቅ ብር ያስፈልጋል ብሎ በሬ እስኪሸጥ የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ፣ አያስፈልግም።

ፎርሙ ላይ የእናት ስም ይጠየቃል፣ ሥራ ይጠየቃል፣ የገቢ ምንጭ ይጠየቃል። ሥራ ላይ ገበሬ ከሆናችሁ ገበሬ በሉ፣ የቀን ሠራተኛ ከሆናችሁ የቀን ሠራተኛ በሉ። ለማማር ብሎ "ነጋዴ" የሚል አለ፣ ከዛ ንግድ ፈቃድህስ ቲን ቁጥርህስ ሲባል መንተባተብ ይመጣል። ገቢም በግምት እውነቱን ተናገሩ። በሚቀጥለው ዓመት በርበሬ ወይ ባህር ዛፍ ሸጣችሁ ብዙ ብር ስታስገቡ ከየት መጣ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ ያኔ ዛሬ የተናገራችሁት እውነት ይጠቅማችኋል።

ፊርማ ላይ ልብ በሉ። ቆንጆ የተጠማዘዘ ፊርማ ለመፈረም የሚሞክር አለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ብር ሊያወጣ ሲመጣ መድገም ያቅተዋል። ቀላል፣ ሁልጊዜ የምትደግሙትን ፈርሙ። መጻፍ የማይችል ሰው በአሻራ ይፈርማል፣ ምንም ነውር የለበትም፣ የራሱ ጥቅምም አለው፣ አውራ ጣት ማንም አስመስሎ አይፈርመውም። ብቻ በአሻራ የተከፈተ ሂሳብ ሌላ ሰው ልኮ ብር ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ራሳቸው መምጣት እንዳለባቸው ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ባለትዳር ሴቶች ደግሞ ስሙኝ፣ በራሳችሁ ስም የቁጠባ ሂሳብ ለመክፈት የባል ፈቃድም ፊርማም አያስፈልግም። የትዳር ንብረት ሕግ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ባንኩ አይጠይቅም። የእንቁላልና የቅቤ ብር፣ የአረቄ ብር በራሳችሁ ደብተር ሊገባ ይችላል።

ተከፍቶ ሲያልቅ የሂሳብ ቁጥሩ ይሰጣችኋል፣ ቡክ የሚሰጥ ባንክ ቡኩን ይሰጣል። ቁጥሩን አንድ ቦታ ጻፉት፣ ስልክ ላይም ቤት ያለ ደብተር ላይም። ከዛ ሳትወጡ ሞባይል ባንኪንግ አስከፍቱ። ንግድ ባንክ ከሆነ ኮከብ 889 መሰላል ነው፣ ሲቢኢ ብር የሚባለው የባንኩ የስልክ ገንዘብ ደግሞ ኮከብ 847 መሰላል። ይሄ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ተራ ስልክም ላይ ይሠራል፣ እኛ አካባቢ ዳታ ለወራት የጠፋበትን ጊዜ ያየ ሰው ጥቅሙን አይረሳውም። ፒኑን ስታወጡ ሠራተኛው "ቁጥር ንገሪኝና ላስገባልሽ" ካለ "ስጠኝ እኔው አስገባዋለሁ" በሉ፣ ሲያግዙን ከቅንነት ነው ብዙ ጊዜ፣ ግን ፒን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት። የልደት ዓመታችሁንና 1234ን አታድርጉ። ኤቲኤም ካርድ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ኤቲኤም ማሽን የሌለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ወጪ ነው።

የቆየ ዕዳ ያለባችሁ

አሁን ወደ ከባዱ። ድሮ ተበድራችሁ ያልጨረሳችሁት ካለ፣ ወይ በቡድን ዋስትና ገብታችሁ ሌላው አባል ጠፍቶ እናንተ ላይ የወደቀ ካለ፣ ሌላ ባንክ ሄዳችሁ የቁጠባ ሂሳብ መክፈት ማንም አይከለክላችሁም። ዕዳው ያለበት ባንክ ራሱ ጋ ከከፈታችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ፣ የብድር ውሉ ላይ ከተበዳሪው ሂሳብ ቀንሶ መውሰድ እንደሚችል ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ ያስገባችሁት ብር ለዕዳው ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፣ ደሞዛችሁን ወይ ልጅ ከዓረብ አገር የሚልክላችሁን ብር እዛ ከማስገባታችሁ በፊት።

ታሪካችሁ የሚታየው ብድር ስትጠይቁ ነው። ብሔራዊ ባንክ ጋ የብድር መረጃ የሚሰበሰብበት ቋት አለ፣ ባንክ ብድር ከመስጠቱ በፊት እዛ ያያል፣ አንዱ ጋ የተበላሸ ብድር ሌላው ጋም ይታያል ማለት ነው። ዕዳችሁን ስትጨርሱ ወረቀት ተቀበሉ፣ ክሊራንስ በሏቸው ይገባቸዋል፣ ማህተም ያለው ይሁን። ከፍሎ ጨርሶ ወረቀት ሳይዝ የወጣ ሰው ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ሳይዘጋ ቀርቶ ተበዳሪ እየተባለ ሲከራከር ይገኛል፣ የከፈለበትን ቀን እንኳ አያስታውስም፣ ያስከፈለውም ሠራተኛ ተዛውሯል።

አንድ ሂሳብ ግን ታሪክ የሚያይ አለ፣ ቼክ ያለው ተንቀሳቃሽ ሂሳብ። ደረቅ ቼክ፣ ማለትም ሂሳቡ ውስጥ በቂ ብር ሳይኖር፣ ደጋግሞ የጻፈ ሰው ሂሳቡ ይዘጋል፣ ስሙም ወደ ሌሎች ባንኮች ይተላለፋል፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ለጀማሪ ቼክ ምን ያደርግላችኋል፣ "ተንቀሳቃሽ ነው ወይስ ቁጠባ?" ሲሏችሁ ቁጠባ በሉ።

ስም ከምንም ለማበጀት

ብድር ተበድሮ የማያውቅ ሰው ታሪኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ባዶ ነው። ባዶውን የሚሞላው ደግሞ ዋናው ሂሳቡ ላይ የሚገባና የሚወጣ ብር ነው። በርበሬ ስትሸጡ ነጋዴው ካሽ ከሚቆጥርላችሁ በሂሳብ አስገባልኝ በሉት። ዕቁብ ሲደርሳችሁ በሂሳቡ በኩል አሳልፉት፣ ወዲያው ብታወጡትም እንኳ ስቴትመንቱ (የገባና የወጣው ብር ዝርዝር) ላይ ይቀመጣል። ነገ ብድር ስትጠይቁ ባንኩ የስድስት ወር ወይ የዓመት ስቴትመንት ያያል፣ ከአፋችሁ ከምትናገሩት ይልቅ እሱን ያምናል።

የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ፣ ቴሌብርም አለ። ግንቦት 2013 ሲጀመር ብድር አልነበረውም፣ 2014 ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆነው ብድሩን አመጡት፣ መላ የሚባለው ትንሽ ብድር ነው፣ እንደኪሴ ደግሞ ልትከፍሉ ስትሉ ሲጎድላችሁ የሚሞላላችሁ ነው፣ ሳንዱቅ ቁጠባ ነው። ቤት ካርታም ዋስም አይጠይቅም፣ የሚያየው ቴሌብሩን እንዴት እንደምትጠቀሙበት ነው። ብድር ሞክሮ ለማያውቅ ሰው መለማመጃ ይሆናል፣ ትንሽ ወስዶ ቀኑ ሳይደርስ መመለስ፣ ቀስ በቀስ የሚፈቀድላችሁ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ግን የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ካዘገያችሁ ደግሞ ቅጣት አለው፣ ለሠርግና ለተዝካር ብላችሁ እንዳትወስዱት፣ የሱ ሥራ አይደለም።

ለገበሬው ደግሞ ብዙ ያልተነገረለት ነገር አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ሰብል፣ የእርሻ መሬት የመጠቀም መብትም ጭምር ለብድር ማስያዣ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ቅርንጫፍ በሩን ከፍቶ ይጠብቃችኋል ማለት አይደለም፣ ግን የከተማ ቤት ካርታ ስለሌለኝ አልችልም ብላችሁ ሳትጠይቁ አትመለሱ። ያኔ ግን ሂሳባችሁ ውስጥ የሚታይ ነገር ሊኖር ይገባል፣ ትናንት ከፍቶ ዛሬ ብድር የሚል ሰው ማንም አያስተናግደውም።

አካውንት አከራዩን የሚሉ

ይሄ አሁን ወጣቱን እየበላ ያለ ነገር ስለሆነ ሳልጽፈው አላልፍም። አንድ ሰው ይመጣና "አካውንትህን ለአንድ ቀን ስጠኝ፣ ብር ይገባበታል፣ ላንተ ይሄን ያህል እሰጥሃለሁ" ይላል። ወይ "በስምህ ክፈትና ካርዱንና ሲሙን ስጠኝ"። የሚገባው ብር የጥቁር ገበያ ዶላር ይሁን የተሰረቀ ይሁን እናንተ አታውቁም፣ ፖሊስ ሲፈልግ ግን የሚያገኘው የናንተን ፋይዳ፣ የናንተን አሻራ፣ የናንተን ፊት ነው። ሰውዬው እውነተኛ ስሙን እንኳ አልነገራችሁም። ዘመድም ቢሆን እንቢ በሉ።

ከባንክ ነው የምደውለው ብሎ ፒን ወይ የመጣላችሁን ኮድ የሚጠይቅም ያው ነው። ባንክ ደውሎ ፒን አይጠይቅም። በስህተት ብር ልኬብህ ነው መልስልኝ የሚል ከደወለ ደግሞ መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ፣ የገባ ከሌለ ዝጉት፣ ገብቶም ከሆነ ባንክ ሄደህ አስመልስ በሉት እንጂ እናንተ አትላኩ። ንግድ ባንክ 951 ላይ፣ ቴሌብር 127 ላይ ደውላችሁ ማጣራት ትችላላችሁ፣ ስልክ ወይ ካርድ ሲጠፋባችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ እዛው ደውሉና አዘጉት።

የመጨረሻዋ፣ ከፍታችሁ ስትተዉት። ለረጅም ጊዜ ምንም ያልገባበት ያልወጣበት ሂሳብ ይተኛል፣ ብር ሲላክላችሁም ሊመለስ ይችላል፣ በስልክም አይነቃም። እርሻ ላይ ብዙ ለምትቆዩ ሰዎች ይሄ ሊገጥማችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ገበያ በወጣችሁ ቁጥር ባይሆንም አልፎ አልፎ ሃምሳም መቶም ብር ከስልካችሁ ወደ ሂሳባችሁ አዙሩ። ተኝቶ ካገኛችሁትም ፋይዳችሁንና ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ከፈታችሁበት ቅርንጫፍ ሂዱ፣ ሂሳቤ ተኝቷል ይቀስቀስልኝ በሉ፣ ፎርም ትሞላላችሁ ትንሽ ብር ታስገባላችሁ፣ አዲስ መክፈት አያስፈልግም።